ለሰናይት የተሠራው ማንዶላ

ድሬዳዋ ውስጥ ከምሳ በኋላ ሥራ የሚጀምር ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ግትር። መርዕድ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ተወልዶ እዚያው ያደገ ሰው በመሆኑ እንግዳ ሊባል አይችልም። ሰፈሩ በሙሉ መስኮቱን ዘግቶ፣ ፍራሹን ሲሚንቶ ላይ አንጥፎ በሚያሸልብበት ሰዓት እሱ የመሥሪያ ክፍሉን የእንጨት መስኮት ፀሐይ እንዳይገባ ግጥም አድርጎ ይዘጋና፣ በካናቴራ ብቻ ሆኖ፣ በአንዲት የጠረጴዛ መብራት ሥር ማንዶላውን ጭኑ ላይ ያጋድማል። ቤቱ በባቡሩ ዘመን የተሠራ፣ ጣሪያው ከፍ፣ ግድግዳው ወፈር ያለ ቤት ነው። ክፍሉ ውስጥ የቀለጠ እርሳስ፣ የእንጨት ቀለምና የላብ ሽታ አንድ ላይ ታፍኗል፤ ከላይ የጣሪያው ቆርቆሮ በሙቀት ሲለጠጥ አልፎ አልፎ ቋ ይላል፤ ከሩቅ አንድ ባጃጅ እያጓራ ያልፋል፤ ሌላ ድምፅ የለም። ለሚቃኝ ሰው ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም ብሎ ያምናል። ሚስቱ ሰናይት ደግሞ ለማበድ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም ትለዋለች።

ማንዶላ ምን እንደሆነ ለሚጠይቀው ሁሉ አንድ መልስ ነበረው። የማንዶሊን ታላቅ እኅት ናት፤ ሰፋ ያለ ገላ፣ ወፍራም ድምፅ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተወጠሩ ስምንት ክሮች ይላል። የእሱ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ገላውን ሳቢያን ሰፈር ያለ አንድ አልጋ ሠሪ ከድፍን ዋንዛ ጠርቦለታል፤ አንገቱ ከተሰበረ ጊታር የተወሰደ ነው፤ የክር ማጥበቂያዎቹን ለማግኘት ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የተጫወተበትን ማንዶሊን አፍርሷል። የማንዶላ ክር ድሬዳዋ ቀርቶ አዲስ አበባም ፈልጎ ስላጣ በጊታር ክር ነው የሚሠራው። ክሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ድቡልቡል ፍሬ በፒንሳ ሰብሮ ያወጣና ጫፉን መልሶ ይቋጥራል፤ የጣቶቹ ጫፎች ተወጋግተው አልቀዋል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለሰናይት ነው። ሁለቱ ለብዙ ዓመታት በአንድ ሆቴል አትክልት ቦታ አብረው ሠርተዋል፤ እሱ ማንዶሊን ይመታል፣ እሷ ታዜማለች። በተለይ ባቲ ስትጫወት ድምፅዋ እየቀጠነ ወደ ላይ ሲወጣ አስተናጋጆቹ ትሪ እንደያዙ ባሉበት ይቆሙ ነበር። ከዚያ እንቅርቱ መጣ። ሐኪሞቹ ዕብጠቱ ከድምፅ ነርቭ ጋር ተጣብቋል፣ ነፍሷን እንጂ ድምፅዋን አናተርፍም ብለው ገና ሳይነኳት ነግረዋቸዋል፤ እንዳሉትም ሆነ። ከአንገቷ ሥር አንዲት ቀጭን ጠባሳ ቀረች። ድምፅዋ ወፈረ፣ ሻከረ፣ ከፍ ልታደርገው ስትሞክር የሚሰበር ሆነ። ለረጅም ጊዜ ጨርሶ አላንጎራጎረችም። በኋላ ግን አንድ ጠዋት ልብስ ስታጥብ፣ ሳታስበው፣ ባቲን በዚያው በሻከረ ድምፅዋ ወደ ታች አውርዳ ስታዜም መርዕድ ሰማት። የድሮው ዓይነት ውበት አልነበረውም፤ ግን ዘፈን ነበር፣ ያውም ሰው የሚያስቆም ዘፈን። ማንዶሊኑ ለዚህ ድምፅ ይቀጥናል፤ ከሥሯ ሆኖ የሚሸከማት መሣሪያ ያስፈልጋታል ብሎ አሰበ። ማንዶላውን ለመሥራት የወሰነው ያን ጠዋት ነው።

የሆቴሉ ባለቤት ወይዘሮ ጽጌማርያም የታደሰውን አትክልት ቦታ ሲያስመርቁ እንዲጫወቱላቸው ጠየቋቸው። ሰናይት ደጋግማ እምቢ ብላ በመጨረሻ ተሸነፈች።

«አንድ ጊዜ እሞክረዋለሁ» አለችው መርዕድን። «እዚያ ሰው ፊት ከተዋረድኩ ግን ለዘፈን ብዬ አፌን ሁለተኛ አልከፍትም። አንተም አትለምነኝም።»

ስለዚህ ማንዶላው ለምረቃው መድረስ ነበረበት። ማንዶላው ደግሞ አልቃኝ አለ።

መጀመሪያ ክሮቹ ከአንገቱ በጣም ርቀው ለጣት አልመች አሉ። ዝቅ ሲያደርጋቸው አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ብረቶች ጋር እየተነካኩ ዝዝዝ ማለት ጀመሩ። ክሮቹ የሚያርፉባትን እንጨት ሞርዶ ሞርዶ አስተካከልኩ ሲል አንዷ ክር ተበጥሳ ጉንጩን ገረፈችው፤ እሷን ቀይሮ ሲወጥር ሌላዋ ላላች። መርዕድ ሲፈጥረው ትዕግሥት የሚባል አልታደለም። አልጋ ሠሪውን ሰደበ፤ ጊታሩን የሰበረውን የማያውቀውን ሰው ሰደበ፤ ሙቀቱን ሰደበ። «ሰውየው የለመደውን አልጋ ነው የሠራልኝ» ይላል ለሰናይት፣ ላቡን በካናቴራው ጫፍ እየጠረገ፣ «ተኝቼበት ልገላገል ነው መሰለኝ።» እሷ ትስቃለች። ሳቋም እንደ ድምፅዋ ሻካራ ሆኗል፤ እሱ ያን ሳቅ ይወደው ነበር።

ቀስ በቀስ ግን በስድብ የማይወጣለት ነገር መጣ። ከየጥንዱ አንዷ፣ ሁልጊዜም የታችኛዋ ክር፣ ቃኝቶ ከተዋት በኋላ ብቻዋን ወደ ላይ ትወጣለች። ሙቀት ክር ያላላል እንጂ አያጠብቅም፤ ይህን ድሬዳዋ ውስጥ ክር የነካ ሁሉ ያውቀዋል። እሱ ምሳ በልቶ ሲመለስ ግን አራቱም የታችኛ ክሮች ከጥንዶቻቸው ተለይተው ከፍ ብለው ያገኛቸዋል፤ ሲነካቸው አንዱ ጥንድ ሁለት ሰዎች አንድን ስም በተለያየ ቃና እንደሚጠሩ ሆኖ ይሰማል። ያወርዳቸዋል፤ ይወጣሉ። ማጥበቂያዎቹ ይሽከረከሩ እንደሆን ለማወቅ በእርሳስ ምልክት አደረገባቸው። በማግሥቱ ምልክቱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ክሮቹ ግን ከፍ ብለዋል።

ጉምጉምታው ደግሞ ሌላው ጣጣ ነበር። የኤሌክትሪኩን ነገር የሠራለት ጀማል የሚባል ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን የልጅነት ጓደኛው ነው። ማንዶላውን ከአምፕሊፋየሩ ጋር ሲያገናኘው ከድምፅ ማጉያው አንድ ወፍራም ጉምጉምታ ይወጣል። «እጅህን ክሩ ላይ ስታሳርፍ ዝም ካለ የመሬት ሽቦው ችግር ነው፣ ቀላል ነው አቦ» ብሎት ነበር ጀማል። መርዕድ እጁን ሲያሳርፍ ዝም አላለም። ለሰለሰ። እየሳሳ፣ እየቀጠነ ሄዶ አፉን ዘግቶ የሚያንጎራጉር ሰው ድምፅ ሆነ፤ እጁን ሲያነሳ ደግሞ ትንፋሽ የሚወስድ ያህል ቆም ብሎ መልሶ ወደ ወፍራሙ ጉምጉምታ ይገባል። መርዕድ እጁን አሳርፎ አነሳ፣ አሳርፎ አነሳ። በዚያ በተዘጋ፣ እርሳስ እርሳስ በሚሸት ጨለማ ውስጥ ላቡ ጀርባው ላይ ቀዘቀዘ። ከዚያ ጀማልን ሰደበና አምፕሊፋየሩን አጠፋው።

መርዕድ በስልክ አይቃኝም። የዛሬ ልጆች ስልካቸውን መሣሪያው አጠገብ ያስቀምጡና አረንጓዴ ሲበራ ተቃኘ ይላሉ። እሱ ግን ሙዚቃን የጀመረው በክራር ነው፤ ክራር መቺ ደግሞ ቅኝቱን የሚቀበለው ከዘፋኙ ጉሮሮ ነው፣ ዘፋኙ ዛሬ ያለበትን ቦታ ጠይቆ ክሩን እዚያ ያደርሳል። ከሰናይት ጋር ለዚህ የቆየ ልማድ አላቸው። እሱ ከክፍሉ ሆኖ «ስጪኝ» ይላታል፤ እሷ ማድ ቤትም ትሁን ግቢ፣ የእጇን ሥራ ሳታቋርጥ፣ መነሻዋን ድምፅ ረዘም አድርጋ ትለቅለታለች፤ እሱ በግድግዳው አልፎ የሚመጣውን ተቀብሎ ይቃኛል። ፊቷን አያይም፤ ማየትም አስፈልጎት አያውቅም።

አንድ ቀን ሙቀቱ በባሰበት ሰዓት ስምንቱንም ክሮች አላልቶ እንደ አዲስ ሊጀምር ተቀመጠ። ምረቃው ተቃርቧል፣ አንድም ዘፈን ከዳር እስከ ዳር አልተለማመዱም።

«ስጪኝ» አለ፣ ጮክ ብሎ።

ድምፁ ከግድግዳው ወዲያ፣ ከማድ ቤቱ በኩል መጣ። ቀጭን ነበር። አንዳች ሳይሻክር፣ ጥርት ብሎ ተነስቶ ከፍ አለና እዚያው ላይ ቆመ፤ ሳይንቀጠቀጥ፣ ትንፋሽ ሳያጥረው፣ ቃኚው እስኪጨርስ ድረስ የሚጠብቅ ድምፅ። የመርዕድ እጅ ማጥበቂያው ላይ ደረቀ። ዓይኖቹ እንባ ሞሉ። ተመለሰላት አለ በልቡ፤ ያ ሐኪሞቹ አናተርፈውም ያሉት ድምፅ። ሮጦ ሄዶ ሊያቅፋት ፈለገ፤ ድምፁ ግን አሁንም አላቋረጠም፣ እየጠበቀው ነበር፤ ስለዚህ የለመደውን አደረገ። ክሩን አጠበቀ። አንድ ጥንድ፣ ሌላ ጥንድ፣ ሁሉም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይከራከሩት እሺ አሉ። በመጨረሻ ስምንቱንም አንድ ላይ ሲያወርዳቸው መሣሪያውን እንዲህ ተስማምቶ ሰምቶት አያውቅም፤ ዋንዛው ከውስጡ ተንቀጥቅጦ ጭኑ ላይ ሞቀው። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ድምፅ ያን ጊዜ ቆመ።

ማንዶላውን አስቀምጦ ወደ ማድ ቤት ሮጠ። ማድ ቤቱ ባዶ ነበር። ምድጃው ቀዝቅዟል፣ መስኮቱ ከውስጥ ተቀርቅሯል፣ ጨለማው ውስጥ ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል። አየሩ ግን ሰው አሁን የወጣበት ያህል ይሞቅ ነበር፤ አንድ የቆየ ጣፋጭ ሽታም ነበረው፣ ሰናይት ድሮ መድረክ ላይ ከመውጣቷ በፊት አንገቷን የምትቀባው ሽቶ ዓይነት። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ አንገቷን ሽቶ አታስነካም።

ሰናይት የመጣችው ከቆይታ በኋላ፣ በውጭው በር፣ አዲሱን ቀሚስ በፌስታል አንጠልጥላ ነው። «አንተ ክፍልህን ስትዘጋ ወጣ ብዬ ልብስ ሰፊዋ እኮ እስካሁን አስቀምጣ አቆየችኝ» አለች በሻከረ ድምፅዋ፣ ጫማዋን እያወለቀች። «ተቃኘልህ?»

«ተቃኘ» አላት።

ሌላውን አልነገራትም። ለምን እንዳልነገራት ራሱን ሲጠይቅ ያገኘው መልስ ደስ አላሰኘውም። ስለፈራ አልነበረም። ያን ድምፅ እንደገና ሊሰማው ፈልጎ ነበር፤ ከነገራት ደግሞ እንደምታስቆመው ያውቃል።

ልምምድ የጀመሩት በማግሥቱ ነው። ሰናይት አንገቷን በቀጭን ነጠላ ሸፍና በርጩማው ላይ ተቀመጠች፣ እሱ መምታት ጀመረ፣ እሷ ገና ሁለት ቃል ሳታወጣ እጇን አነሳች።

«ከፍ ብሎብኛል። አውርደው።»

አወረደው። እንደገና ጀመሩ። ዘፈኑ መሐል ላይ ሳይደርስ ማንዶላው ከእጁ ሥር እያመለጠ ወጣ፤ የታችኞቹ ክሮች መጀመሪያ፣ ከዚያ የላይኞቹም ተከተሉ፤ ሰናይት ልትደርስበት ተንጠራርታ ድምፅዋ ተሰበረ። አሁንም አወረደው። አሁንም ወጣ። እንዲህ ሆኖ ቀናት አለፉ። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ የሰናይት ድምፅ እየሳሳ ይሄድ ነበር፤ መጀመሪያ ማታ ማታ መናገር ይደክማት ጀመር፣ ቀጥሎ ጎረቤት ሰላም ስትል ሰው ጆሮውን የሚያስጠጋላት ሆነች። ማር በሎሚ ጠጣች፤ ምንም አልረዳትም። መርዕድ በየቀኑ ይናደዳል። የሚናደደው በማንዶላው መስሎት ነበር። አንድ ከሰዓት ግን እሷ ባቲን ከታች ስትጀምረው፣ ያ ልብስ ስታጥብ ያስደነቀው ሻካራ ድምፅ ጆሮውን ሲቆረቁረው ተሰማው፤ ዝም ብትልልኝ ብሎ ተመኘ። በራሱ አፈረ። ማፈሩ ግን ምኞቱን አላጠፋለትም።

«ለማን ነው የምትቃኘው?» አለችው በድንገት።

«ለአንቺ ነዋ። ለሌላ ለማን እቃኛለሁ?»

«እኔ እዚያ ላይ አይደለሁም መርዕድ። እዚያ ላይ የነበረችውን አልቅሼ ቀብሬያታለሁ። እኔ እዚህ ነኝ ያለሁት፣ እዚህ ታች።» እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እሱ ማጥበቂያውን ማዞር ጀመረ። የሚያዞረው ወደ ላይ መሆኑን ያወቀው ሰናይት አንገቷን ይዛ ስታስል ነው።

ከዚያ በኋላ እሷ በሌለችበት ሰዓት ሁሉ ክፍሉን እየዘጋ «ስጪኝ» ማለት ለመደ። አንዳንዴ መልስ የለም። አንዳንዴ ድምፁ ከማድ ቤቱ፣ አንዳንዴ ከመተላለፊያው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ መብራቱ ከማይደርስበት ከቁም ሣጥኑ ጎን ይመጣ ነበር። ቀና ብሎ አላየም። የልማዱ ደንብ ነውና፣ የሚቃኝ ሰው ዘፋኙን አያይም ይላል ለራሱ። እውነቱን ለመናገር ግን ቀና ቢል የሚያየውንም፣ ምንም የማያይ መሆኑንም እኩል ይፈራ ነበር።

ምረቃው ሊደርስ ሲል ሰናይት ራሷ ጀማልን አስጠራችው። ጀማል ጉንጩን በጫት ወጥሮ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጣ፤ የመርዕድን ፊት አይቶ «አንተ ሰውዬ፣ ማንዶላው ነው አንተን የሚመታህ እንዴ?» ብሎ ቀለደበት። ክፍሉ ገብቶ የማንዶላውን ጀርባ ፈታ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ለካ።

«ሁሉም ጤነኛ ነው» አለ። «የመሬት ሽቦውም ደህና ነው። ጉምጉምታው ከየት እንደሚመጣ ልይልህ፣ ይቺን ልንቀላት።» ከክሮቹ ሥር ድምፅ የምትቀበለውን ሽቦ በጋለ የመበየጃ ብረት ነክቶ ነቀላትና ጫፏን በጣቱ ያዘ። «አሁን ማንዶላው ቢጮህም አይሰማም» ብሎ አምፕሊፋየሩን አበራው።

ጉምጉምታው መጣ። እዚያው በዚያው እየሳሳ፣ እየቀጠነ፣ አፉን ከፈተና ድምፅ ሆነ። ባቲን ከላይ ጀመረው፤ ስሱን፣ ጥርት ያለውን፣ አስተናጋጆች ትሪ ይዘው የሚቆሙለትን።

ጀማል ከሥራው ላይ ቀና ሳይል ፊቱ በፈገግታ በራ። «አልሐምዱሊላህ» አለ። «ሰኒ፣ ድምፅሽ ተመለሰልሽ እንዴ እቴ?»

መልስ ሲያጣ ቀና አለ። ሰናይት ውኃ የሞላ ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ከንፈሮቿ ተገጥመዋል፣ ጠባሳዋ ላይ ሥሯ ይመታል፣ እንባዋ ወደ ብርጭቆው ውስጥ ይንጠባጠባል። ጀማል እሷን አየ። በጣቱ የያዘውን የተነቀለ ሽቦ አየ። ከዚያ እጁን ሰዶ የአምፕሊፋየሩን ሶኬት ከግድግዳው መዘዘው። ቀዩ መብራት ጠፋ። ድምፁ አልጠፋም። የጀመረውን ሐረግ ሳይቸኩል፣ በራሱ ጊዜ፣ እስከ መጨረሻው አዚሞ ጨረሰ፤ ሦስቱም በዚያ ጸጥታ ውስጥ ትንፋሽ ሲወስድ ሰሙት፤ ከዚያ ነው ዝም ያለው።

ጀማል ዕቃዎቹን ግማሹን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ነው የወጣው። በሩ ላይ ሲደርስ መርዕድን ክንዱን ይዞ «ከዚህ ቤት አውጣው፣ ወንድሜ» አለው፣ ጫቱን ከአፉ አውጥቶ። ቀልድ ድምፁ ውስጥ አልነበረም።

ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ሰናይት ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠች። የምትናገረው በትንፋሽ ብቻ ነበር፤ መርዕድ ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረበት፣ ያም አናደደው።

«ክሮቹን ቁረጣቸው» አለች። «ምረቃው ላይ ያለ መሣሪያ እዘፍናለሁ። አንተ ታጨበጭብልኛለህ። የቀረችኝ ትንሽ ናት፣ ግን የእኔ ናት፤ ትበቃኛለች። እሱን ግን ዛሬውኑ ቁረጠው።»

«እሺ» አለ።

«ማልልኝ።»

«ሰናይትን» አለ። ከተጋቡ ጀምሮ በሌላ ምሎላት አያውቅም።

እሷ ነጠላዋን ደርባ ለወይዘሮ ጽጌማርያም ያለ መሣሪያ እንደምትዘፍን ልትነግራቸው ወጣች። መርዕድ ፒንሳውን አነሳ። በእውነት ሊቆርጥ ነበር፤ የፒንሳውን አፍ የመጀመሪያው ጥንድ ላይ አስገብቶ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ልስማው አለ። ይሰናበት ዘንድ። የክፍሉን በር ዘግቶ፣ ማንም እንዳይገባበት መቀርቀሪያውን ወረወረ፤ ማንዶላውን ጭኑ ላይ አጋደመ። ያን ጊዜ መብራት ጠፋ፤ ድሬዳዋ ውስጥ በዚህ ሰዓት መጥፋቱ አዲስ ነገር አይደለም። ክፍሉ ድቅድቅ አለ። በመስኮቱ ስንጥቅ የምትገባው የፀሐይ ጭረት እንኳ ግድግዳው ላይ ሳትደርስ ትሞት ነበር።

«ስጪኝ» አለ በሹክሹክታ።

«መርዬ» አለችው።

ከቀዶ ጥገናው በፊት እንዲህ ነበር የምትጠራው። ድምፁ ከአምፕሊፋየሩ አልመጣም፤ ከትከሻው ኋላ፣ ከጆሮው ሥር ነበር። ሽቶው ክፍሉን ሞላው። ዘፈኑ ተጀመረ፣ ጣቶቹም ራሳቸው ተከተሉት፤ ክር አልላላም፣ አልተነካካም፣ አልሸሸም። እነዚያ ሁሉ የብስጭት ቀናት፣ የተበጠሱት ክሮች፣ የተወጋጉት ጣቶቹ፣ ሁሉም ለዚህ ሰዓት ኖሯል። አለቀሰ። ደስታ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ካገኘው ደስታ ሁሉ የሚበልጥ። መሐል ላይ የሆነ ክብደት ትከሻው ላይ ተደገፈ፤ ፀጉር ጉንጩን ነካው። እየመታ ግራ ትከሻውን አዘንብሎ በጉንጩ አንገቷን ዳሰሰ። ለስላሳ ነበር። ሙቀትም ቅዝቃዜም አልነበረውም፤ ጠባሳም አልነበረውም።

ከዚያ በሩ ተመታ። በመዳፍ ነው፣ ሰናይት በር የምትመታው እንደዚያ ነው። መቀርቀሪያው ተንቀጫቀጨ። ከበሩ ወዲያ ስሙን የሚጠራ ነገር ነበር፣ ድምፅ የማይባል፣ ትንፋሽ ብቻ፣ በቁልፉ ቀዳዳ እየገባ መርዕድ፣ መርዕድ የሚል። መዳፉ በሩን ደጋግሞ መታ፤ እየደከመ መጣ፤ ወደ ታች፣ ወደ ጉልበት ቁመት ወርዶም መታ። በተዘጋው ቤት ውስጥ ያ ትንፋሽ እየተቆራረጠ ሲጠራው ሰማ። አሁን ቢነሳ ሦስት እርምጃ ነው። ጣቶቹ ክሮቹ ላይ ነበሩ።

ትከሻው ላይ ያለው ዘፈን ቆመ።

«ማናት?» አለችው፣ በዚያ ጥርት ባለ ቀጭን ድምፅ፣ ከልብ በመገረም።

መርዕድ ጥቂት አዳመጠና «እንጃ፣ የማላውቃት ሴት ናት» አላት፣ ጣቶቹን ከክሩ ሳያነሳ።